የመጋዘኑ ቁጥር የሐኪምም ጉዳይ ነው

(በተመራቂዎች ማኅበራችን የዘንድሮ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



አዘጋጅ ኮሚቴው ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ስለ እናቶች ጤና እንደምናገር ጠብቆ ነበር። የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ስለሆንኩ መጠበቁ አይገርምም። እኔ ግን "ስለ መጋዘን ልናገር" አልኳቸው። ስልኩ ላይ ትንሽ ዝምታ ሆነ። "የምን መጋዘን?" አሉኝ። "የመድኃኒት መጋዘን።" እንግዲህ ፈቅደውልኛልና ለሃያ ደቂቃ ያህል ታገሡኝ። ስለ እናቶችም መናገሬ አይቀርም፤ በመጋዘኑ በር በኩል ዞሬ እደርስበታለሁ።

ከዚህ ግቢ ከወጣሁ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት ክልል ውስጥ፣ በአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ነው። ለተወሰኑ ዓመታት ከሐኪምነቱ ጎን የሜዲካል ዳይሬክተርነት ኃላፊነትም ነበረብኝ። ሆስፒታሉ የመድኃኒት ምዝገባውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲያዞር ከመጀመሪያው ቆጠራ ጀምሮ አብሬ ነበርኩ። ከዚያ የተማርኩትን ባጭሩ ልንገራችሁና ከዚያ ላብራራው፦ መድኃኒቱን የሚቆጥረው ሰውና በሽተኛውን የሚያውቀው ሰው አንድ ቁጥር በአንድ ጊዜ ካላዩ፣ ኮምፒውተር ገባም አልገባም መድኃኒት ማለቁ አይቀርም። የኮምፒውተሩ ትልቁ ጥቅም ሁለቱን ሰዎች ማገናኘቱ ነው። እኛ ሐኪሞች ግን እስካሁን ወደዚያ ቁጥር ዞር ብለን የማየት ልማድ የለንም።

ወረቀቱ ምን ይሠራ ነበር?

ወረቀቱን ከመንቀፌ በፊት ሐቁን ልናገር። ቢን ካርድ የሚባለውን የማታውቁ ካላችሁ፣ በየመደርደሪያው ከመድኃኒቱ ጎን የሚንጠለጠል ካርድ ነው። የመድኃኒቱ ስም፣ የባች ቁጥሩ፣ የሚያበቃበት ጊዜ፣ የገባው፣ የወጣው፣ ቀሪው ይጻፍበታል። መብራት አይፈልግም። ፓስወርድ አይፈልግም። ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22 ይያዛል። በደንብ ከተሠራበት ማንም ሰው መደርደሪያው ጋ ቆሞ "ይህ መድኃኒት ስንት ቀረ?" ለሚለው በአንድ ዓይን መልስ ያገኛል።

አገራችንም በዚህ ወረቀት ላይ ቀላል የማይባል ሥርዓት ገንብታለች። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 553 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የምንለው ነው። ብዙ ሳይቆይ የተቀናጀው የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት የቲቢው፣ የኤችአይቪው፣ የወባው፣ የቤተሰብ ዕቅዱ መድኃኒት እያንዳንዱ የራሱ መንገድና የራሱ ቅጽ ነበረው። አዲሱ ሥርዓት አንድ ቋንቋ ሰጠን። ጤና ጣቢያውም ሆስፒታሉም በየሁለት ወሩ የሪፖርትና የጥያቄ ቅጹን ሞልቶ ይልካል። መያዝ ያለበት ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ነው። የ2 ሳምንት ያህል ብቻ ሲቀር አስቸኳይ ጥያቄ ይቀርባል። እነዚህን ቁጥሮች የፋርማሲ ባለሙያዎቻችን እንደ አባታችን ሆይ ያውቋቸዋል። ስንት ሐኪም ያውቃቸዋል ብዬ ብጠይቅ ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ እጅ የሚወጣ አይመስለኝም።

ኮምፒውተር ሳይጠበቅ በወረቀት ብቻ ብዙ መሥራት እንደሚቻልም ታይቷል። ኦዲት ሊደረግ የሚችለው የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት፣ በተለምዶ ኤፒቲኤስ የምንለው አሠራር፣ የተጀመረው በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። እያንዳንዱ የገባና የወጣ መድኃኒት በገንዘብ ተተምኖ፣ በደረሰኝ ተይዞ፣ ማን ለማን እንደሰጠ እንዲታወቅ ያደረገ ሥራ ነው። ይህን የማነሣው ለምንድን ነው? የወረቀት ሥርዓቱ ያልተስተካከለ ሆስፒታል ኮምፒውተር ቢገባለት የተዘበራረቀውን ነገር በፍጥነት ማዘበራረቅ ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ወረቀቱ የት ላይ ያቅተዋል?

አንደኛ፣ ካርዱ የሚያውቀው ራሱን ብቻ ነው። "በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ጊዜያቸው የሚያልፍባቸው መድኃኒቶች የትኞቹ ናቸው?" ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱን ለማግኘት አንድ ሰው በመቶዎች የሚቆጠሩ ካርዶችን አንድ በአንድ ማገላበጥ አለበት። ስለዚህ ማንም አይጠይቅም። ጊዜው ካለፈ በኋላ በዓመታዊው ቆጠራ ላይ ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ የእኛ አገር የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ አለ። ካርቶኑ ላይ የሚታተመው በፈረንጆች ነው፤ እኛ የምንቀበለውና ሪፖርት የምናደርገው በኢትዮጵያ። ካርቶኑ "09" ካለ ወሩ ሴፕቴምበር ነው፤ በእኛ ዘጠነኛው ወር ግን ግንቦት ነው። ዓመቱን ቀይሮ ወሩን እንዳለ የሚገለብጥ ሰው ካለ፣ መድኃኒቱ በካርዱ ላይ ከትክክለኛው ጊዜ አራት ወር ያህል ቀድሞ ይሞታል ወይም ጊዜው ካለፈ በኋላም በሕይወት ይቆያል። ይህ የተማረም ያልተማረም የሚሳሳተው ነገር ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል፤ ሐኪሞች ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የሚቀጥለው ጥያቄ የሚሰላው ባለፈው ፍጆታ ነው። እንግዲህ አንድ ሆስፒታል በወር 300 አምፑል ኦክሲቶሲን ያስፈልገዋል እንበል፤ በሁለት ወር 600 ማለት ነው። ነገር ግን በሪፖርቱ 60 ቀናት ውስጥ 30ውን ቀን መድኃኒቱ አልነበረም። ስለዚህ የወጣው 300 ብቻ ነው። ቅጹን የሚሞላው ሰው የሌለበትን ቀን ካልጻፈ፣ ሒሳቡ "የሁለት ወር ፍጆታ 300፣ ስለዚህ የአራት ወር ክምችት 600" ይላል። እውነተኛው ፍላጎት ግን 1200 ነው። መድኃኒቱ ስላልነበረ ያልተሰጣት እናት በወረቀቱ ላይ እንዳልመጣች ትቆጠራለች። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ በዚያው ልክ ያነሰ ይመጣል፤ ቶሎ ያልቃል፤ እንደገና ያነሰ ይጠየቃል። እጥረቱ ራሱን እየወለደ ይሄዳል።

ማስተካከያው ከባድ ሒሳብ አይደለም። ፍጆታውን በ60 አባዝቶ መድኃኒቱ በነበረባቸው ቀናት ማካፈል ነው፦ 300 ሲባዛ በ60፣ ሲካፈል ለ30፣ 600። ቅጹ ላይም የሌለበት ቀን የሚጻፍበት ቦታ አለ። ችግሩ፣ በእጅ ሲሠራ ያንን ቀን ለማወቅ ካርዱ ወደ ዜሮ የወረደበትንና እንደገና የገባበትን ዕለት ለእያንዳንዱ መድኃኒት መፈለግ ያስፈልጋል። ሪፖርቱ ነገ መድረስ ያለበት፣ ከመስኮቱ ፊት ሰልፍ የቆመበት ሰው ይህን አያደርገውም። ኮምፒውተሩ ግን ሳይጠየቅ ያውቀዋል።

ዳጉ

በጤና ተቋማት መድኃኒት ለመመዝገብ የተሠራው ፕሮግራም ስሙ ዳጉ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው ባላውቅም እጁ ይባረክ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን የሚነጋገሩበት ልማድ ዳጉ ይባላል። ውሃ የት አለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ይባባላሉ። ያላዩትን አይጨምሩበትም፤ ሰውና ከብት የሚንቀሳቀሰው በዚያ ወሬ ላይ ተመሥርቶ ነውና። ክትባት ለሚከታተለው የሞባይል ሥርዓት ደግሞ ኤም-ብራና ብለውታል። የአቅራቢው አገልግሎት መጋዘኖች ይሠሩበት የነበረው ሌላ ነው፤ ቪታስ ይባላል። የመረጃ አብዮት ሲባል ከጤና ሚኒስቴር የሰማችሁት ቃል መሬት ላይ ሲወርድ ከሚይዛቸው መልኮች አንዱ ይህ ነው።

ወደ እኛ ሆስፒታል ልመለስ። ፕሮግራሙን ኮምፒውተር ላይ መጫን የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። የከበደው መነሻ ቁጥሩን ማስገባት ነው። ለዚያ ደግሞ ሁሉንም ነገር መቁጠር ግድ ነበር። ቅዳሜና እሑድ መጋዘኑን ዘግተን፣ ፋርማሲስቶች፣ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የንብረት ክፍል ሰዎች ሆነን ገባን። መድኃኒት የሌለው ካርድ አገኘን፤ ካርድ የሌለው መድኃኒት አገኘን። አንዱ "አሥር" ሲል አሥር ካርቶን ማለቱ ነው፤ ሌላው "አሥር" ሲል አሥር አምፑል። ይህ የመለኪያ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ኋላም ኮምፒውተሩ ውስጥ ካስጨነቁን ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የመጡ ነበሩ። መጨረሻ ላይ የሁሉም ነገር ቆጠራ በትንሹ መለኪያ፣ በአምፑልና በፍሬ እንዲሆን ወስነን ተገላገልን።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሌላ ፕሮግራም ዕቃውን ከሚያስቀምጥበት ክፍል ጥግ፣ ከጓንት ካርቶኖች ጀርባ ማግኒዥየም ሰልፌት ወጣ። ሙሉ ካርቶን። ጊዜው አላለፈበትም። ከእኛ ጋር ትቆጥር የነበረችው አዋላጅ ካርቶኑን ከፈተችው፣ አየችው፣ ከዚያ ክዳኑን መልሳ ዘጋችና ወደ ውጭ ወጣች። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት "የለም" ተብሎ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ከተማ የሸኘናቸው እናቶች ነበሩ። የሸኘችው እሷ ነበረች። ማንም የደበቀው ሰው አልነበረም። በአንድ ካርድ ላይ ተጽፏል፤ ካርዱ ያለበትን ክፍል ግን የማዋለጃ ክፍሉ አያውቀውም፤ የማዋለጃ ክፍሉን ጭንቀትም ክፍሉን የሚይዘው ሰው አያውቀውም። አንድ ግቢ ውስጥ ሆነን ዳጉ አልተባባልንም።

"ዕዳው የማን ነው?"

የመጋዘን ኃላፊያችን ብዙ ዓመት ያገለገሉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ኮምፒውተሩን እንደማይወዱት ግልጽ ነበር። አንዳንድ ወጣቶች "ሽማግሌ ስለሆኑ ቴክኖሎጂ ፈርተው ነው" ይሉ ነበር። አንድ ቀን ቢሯቸው ገብቼ፣ "ጋሼ፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ምን አስጨነቀዎት?" አልኳቸው።

"ዶክተር፣ እኔ በስሜ የተረከብኩት ንብረት ነው። ካርዱ ላይ የፈረመው እጄ ነው። ነገ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ቁጥሩ ቢጠፋ፣ ወይም አንዱ ልጅ ገብቶ ቢነካካው፣ ዕዳው የማን ነው? የእርስዎ ነው የእኔ?"

ይህ የቴክኖሎጂ ፍርሃት አይደለም፤ የሕግና የአሠራር ጥያቄ ነው። መልስ የሚገባውም ጥያቄ ነው። በየተቋሙ ዲጂታል ሥርዓት ሲተከልና ሲሞት ያየሁት በአብዛኛው ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ነው። ሰውየው "ለማንኛውም" ብሎ ወረቀቱንም ኮምፒውተሩንም ይይዛል። መጀመሪያ ካርዱ ላይ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩን "ሲመቸኝ" ይላል። ሲመቸው ማለት ዓርብ ማታ ነው፤ ከዚያ የወር መጨረሻ ይሆናል፤ ከዚያ ይተዋል። ሁለት ቦታ የሚጻፍ ነገር በሁለቱም ቦታ የተሳሳተ ይሆናል።

እኛ ያደረግነው እንደሚከተለው ነው። ገቢና ወጪው መጀመሪያ የሚመዘገበው ኮምፒውተሩ ላይ እንዲሆን ወሰንን። ሞዴል 19ና 22 ከኮምፒውተሩ ታትመው ይወጣሉ፤ ሰጪና ተቀባይ ይፈርሙበታል፤ ፋይል ይደረጋሉ። ስለዚህ ወረቀቱ አልጠፋም፤ ነገር ግን ምንጭ መሆኑ ቀርቶ ውጤት ሆነ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ተሰጠው፤ ማን ምን እንደነካ ይታያል። የመረጃው ቅጂ በየቀኑ በሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ ከመጋዘኑ ሕንፃ ውጭ ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም ግቢው ውስጥ ያለው ሥራ እንዲቀጥል ሆነ፤ መስመር ሲገኝ ሪፖርቱ ይላካል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በቁጥር የታሸገ ጊዜያዊ ቅጽ አለ፤ መብራት እንደመጣ በዚያው ቀን ይገባል። ይህን ሁሉ የሆስፒታሉ ቦርድ አጽድቆ ለኦዲተሮቹ አሳወቀ። አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁ፣ ለኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሕጋዊ ዕውቅና መስጠቱም ለጋሼ ትልቅ ነገር ነበር። አዋጁን አትመን ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጸጥታ አነበቡት።

ከዚያ በኋላ ከእሳቸው የባሰ ጥብቅ ሰው አልነበረም። "ካልተመዘገበ አይወጣም" አሉ፣ በቃ። ሌሊት ለድንገተኛ ይህ እንቅፋት እንዳይሆን በማዋለጃ ክፍሉና በድንገተኛ ክፍሉ የተቆጠረ ሣጥን አስቀመጥን። በየሰኞው ይቆጠራል፣ የጎደለው ይሞላል። ጡረታ ሲወጡ ርክክቡ በሰዓታት ተጠናቀቀ። በድሮው አሠራር ሳምንታት የሚፈጅ ነገር ነበር።

ሃያ አምፑል ብዙ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ መጣሁ። ምዝገባው ከተስተካከለ በኋላ አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ "ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ቀሪ 20" የሚል አየሁ። ወጣቱ ፋርማሲስት "አሁንስ አለን፣ ዶክተር" አለኝ። ልጁ አልተሳሳተም፤ ያለፈው ፍጆታ ዝቅተኛ ስለነበር 20 በቂ ይመስላል።

አብረን አሰላነው። ኤክላምፕሲያ ይዟት ለመጣች አንዲት እናት በጡንቻ በሚሰጠው አሠራር መጀመሪያ የምንሰጠው 14 ግራም ነው፤ 4 ግራም በደም ሥር፣ 10 ግራም በሁለቱ መቀመጫዎች። ከዚያ በየአራት ሰዓቱ 5 ግራም፣ ከወሊዱ ወይም ከመጨረሻው መንዘፍዘፍ በኋላ እስከ 24 ሰዓት። በአንድ ቀን ሙሌት 44 ግራም ይደርሳል። የእኛ አምፑል 5 ግራም የያዘ ነው። ስለዚህ ለአንዲት እናት ወደ ዘጠኝ አምፑል። ሃያ አምፑል ማለት ሁለት እናቶች ናቸው፤ ሦስተኛዋ ሕክምናውን ጀምራ አትጨርስም።

ልጁ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበና "እንዲህ ከሆነ በሣጥን ሳይሆን በእናት መቁጠር አለብን" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተወሰኑ ሕይወት አድን መድኃኒቶች ዝቅተኛውን መጠን ያለፈው ፍጆታ ብቻውን እንዲወስነው አልተውነውም፤ "ስንት በሽተኛ ያድናል?" በሚል ከክፍሎቹ ሐኪሞች ጋር ወሰንነው። ይህንን ፋርማሲስቱ ብቻውን ሊያውቀው አይችልም። እኔም ቀሪውን ቁጥር ሳላይ ልነግረው አልችልም ነበር። ሁለታችን አንድ ስክሪን ፊት ስንቀመጥ አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም።

ኦክሲቶሲንም እንደዚሁ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ሙሉ ሆኖ ማቀዝቀዣው ግን ሳምንት ሙሉ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ መድኃኒቱ ግን የለም። አዋላጇ "ዛሬ ሁለት ጊዜ ሰጥቼ ማህፀኑ አልጠነከረልኝም" ስትል ያ ወሬ ወደ መጋዘኑ መመለስ አለበት። ኮምፒውተሩ ይህን አይሰማም፤ ሰው ነው የሚነግረው።

ያልተለወጠው

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ብናገር ልጆቼ ራሳቸው አያምኑኝም። ድሮ መስኮቱ ላይ "መድኃኒት የለም" ነበር የሚባለው፤ ለተወሰነ ጊዜ "ሲስተም የለም" ሆነ። ለበሽተኛው ሁለቱም አንድ ናቸው። የሠለጠነው ልጅ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል፤ ለአዲሱ እንደገና ማስተማር ነው። ፍላሽ ዲስክ ይዞት የመጣ ቫይረስ ቀናት አባክኖብናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አገር ውስጥ ያልገባ መድኃኒትን ማንኛውም ኮምፒውተር አይፈጥረውም። የውጭ ምንዛሪ ሲጠብ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ስክሪኑ የሚያሳየው ዜሮውን ነው።

ያም ሆኖ ዜሮውን ከሦስት ወር በፊት ማወቅና በዕለቱ ማወቅ አንድ አይደለም። ቀድመን ስናውቅ ከአጎራባች ሆስፒታል ጋር እንለዋወጣለን፤ ለእኛ ጊዜው ሊያልፍበት የተቃረበው እዚያ ይፈለጋል፤ እዚያ የተትረፈረፈው እዚህ ጎድሏል። የሕክምና መመሪያችን ውስጥ ያለውን ተለዋጭ መድኃኒት ተዘጋጅተን እንጠብቃለን። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ አባት መድኃኒቱ ሊያልቅ መሆኑን ቀድሞ ከተነገረው መላ ይፈልጋል። በዕለቱ "የለም" ሲባል ግን በግ ሸጦ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ወይም ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይመለስና ልጁ እሳት ውስጥ ይወድቃል። ክልል የሠራችሁ ሁሉ ይህንን የተቃጠለ እጅ አክማችኋል።

ምን እንጠይቃለን?

ንግግሬን ከማብቃቴ በፊት አራት ነገር እለምናችኋለሁ።

ለመምህራኖቻችን፦ እኛ በተማርንበት ጊዜ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ በሚገባ አስተማራችሁን፤ እናመሰግናለን። መድኃኒቱ እኛ እጅ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልሰማንም። አሁን ያሉት ተማሪዎች በኢንተርንነታቸው አንድ ሳምንት፣ ይህ ቢበዛ ሁለት ቀን፣ ሆስፒታል መጋዘን ውስጥ ከፋርማሲ ተማሪዎች ጋር ይዋሉ። የሁለት ወሩን ሪፖርት አንድ ጊዜ አብረው ይሙሉ። ሌላው ይገባቸዋል።

በየሆስፒታሉ ላላችሁ ሐኪሞች፦ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ በየተቋማችሁ አለ። ብዙ ቦታ ስብሰባው ላይ ከሐኪም የሚገኘው ወንበሩ ብቻ ነው። ኮሚቴው በየወሩ ከሲስተሙ የወጣ አንድ ገጽ ይመልከት፦ ያለቁት፣ ሊያልቁ የተቃረቡት፣ ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረበው፣ የሌሉባቸው ቀናት። ገጹ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥም፣ ሕፃናት ክፍሉ ውስጥም ይለጠፍ። የሚያነበው ሰው እንዳለ ካወቀ፣ የሚመዘግበውም ሰው ተጠንቅቆ ይመዘግባል።

በአመራር ቦታ ላላችሁ፦ ዲጂታል ሥርዓት ስታስገቡ ድርብ ምዝገባው የሚያበቃበትን ቀን ከመጀመሪያው ወስኑ። ለመጋዘን ኃላፊው የዕዳ ጥያቄ መልሱን በጽሑፍ ስጡት። ለኮምፒውተሩ መግዣ ከምትጨነቁት ግማሹን ያህል ለዚህ ብትጨነቁ ሥራው ይሳካል።

ውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ፦ ልባችሁ ሁልጊዜ ከእኛ ጋር እንደሆነ እናውቃለን። ከአሜሪካም፣ ከአውሮፓም፣ ከአረብ አገሮችም በሣጥን የመጣ መድኃኒት በየመጋዘኑ አለ። ጥሩው ጥሩ ነው። ግን ማንም ያልጠየቀው፣ በእኛ መመሪያ ውስጥ የሌለ፣ ሲደርስ ጥቂት ወራት የቀሩትም አለ፤ እሱን ለማስወገድም ገንዘብ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ፣ የሚለገስ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ይሁን ይላል፤ በተቀባዩ ፍላጎት ላይም ይመሥረት ይላል። ዛሬ ፍላጎቱን መጠየቅ ቀላል ሆኗል። ከመላካችሁ በፊት ለሆስፒታሉ ደውሉና "የዚህን ወር ዝርዝር ላኩልን" በሉ። ዝርዝሩን መላክ የማይችል ሆስፒታል ካገኛችሁ ደግሞ ያንን ዝርዝር እንዲያወጣ ማገዝ ራሱ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ዩፒኤስ፣ የሶላር ባትሪ፣ የአንድ ባለሙያ የሥልጠና ወጪ።

የተከበራችሁ፣ ከዚህ ግቢ ስንወጣ የማልነው ለበሽተኛው ነው። ማዘዣ ስንጽፍ ሥራችን ያለቀ ይመስለናል፤ ማዘዣው መስኮቱ ላይ ደርሶ "አለ" እስኪባል ድረስ ግን ገና ነው። ሰኞ ወደ ሥራችሁ ስትመለሱ ወደ መጋዘኑ ጎራ በሉና የምትሠሩበት ክፍል ያለሱ የማይሆንለትን አንድ መድኃኒት ጠይቁ፦ ስንት ቀረ? ስንት ሰው ያድናል? መቼ ያልቃል? ሦስቱንም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካገኛችሁ የሚመዘግበውን ሰው አመስግኑት። ካላገኛችሁ ከእሱ ጋር ቁጭ በሉ።